መድኃኒት ያልያዘው አውሮፕላን

ሥራ የጀመርኩት ብሎን በናፍጣ በማጠብ ነው። ሸዋሮቢት፣ ከዋናው መንገድ ዳር ባለው የጋሼ ሙላት ጋራዥ፣ ሰኞ ጠዋት። ሃያ ዓመቴ ነበር። አዲስ ቱታ ለብሼ ሞተር የምፈታ መስሎኝ ስሄድ፣ ጋሼ ሙላት አንድ ባልዲ ዝገት የበላው ብሎን ፊቴ ዘረገፉና «እጠብ፤ ከዚያ በየመጠኑ ለይተህ ጨርቅ ላይ ደርድር» አሉኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ጨርሼ ጠራኋቸው። ጎንበስ ብለው አንዷን አነሡ፣ ጥርሷን በጥፍራቸው ዳሰሱና «ይቺ የዚህ ወገን አይደለችም» አሉ። እሷን ወደ ባልዲው መለሷት፤ ሌሎቹንም አብረው ደፉብኝ። እንደገና አጠብኩ። ያን ቀን ጠልቻቸው ነበር፤ አልደብቅም።

ጋራዡ የጭነት መኪናም፣ የመስኖ ፓምፕም፣ የወፍጮ ሞተርም፣ ኋላ ኋላ ደግሞ ባጃጅም የሚገባበት ነበር። ከረዳትነት ወደ ሁለተኛ መካኒክ፣ ከዚያም ወደ በያጅነት ለማደግ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ብየዳው ግን እጄ ገባ። ስስ ላሜራ ሳይበሳ በኦክስጅን የሚበይድ ሲፈለግ ጋሼ ሙላት «ደምሴን ጥሩት» ይሉ ነበር። ጉራ ይምሰል እንጂ እውነቱ ይኸው ነው።

በይፋት ቆላ ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ግሪሳ ይመጣል። ይህች ድንቢጥ የምታህል ወፍ እንደ ደመና ሆና ወርዳ አንድ ማሳ በግማሽ ቀን ትጨርሳለች። ገበሬው ከእንጨት በሠራው ማማ ላይ ቆሞ በወንጭፍ ይከላከላል። ከአቅሙ በላይ ሲሆን ደግሞ መድኃኒት የሚረጭ ቢጫ አውሮፕላን ይላክለታል። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የጠጠር ሜዳ ላይ ነው። አንድ ዓመት የኋላ ጎማው መያዣ ተሰነጠቀና አብራሪው ባጃጅ ተሳፍሮ እኛ ጋ መጣ።

«በያጅ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን ምን ትበይዳለህ?»

«መኪናም፣ ማረሻም።»

ፊቱ ቅጭም አለ። ግን ሌላ ሰው አልነበረም። ሜዳው ላይ እንደደረስን ሁለት ቁራጭ ቱቦ ሰጠኝና «እነዚህን አጋጥመህ በይድና በመዶሻ ልምታው» አለኝ። በየድኩ። ባለ በሌለ ኃይሉ መታው። ቱቦው ተጣመመ፤ ብየዳዬ ግን አልተላቀቀም። ከዚያ በኋላ ነው ወደ አውሮፕላኑ ያስጠጋኝ።

ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀም። እሱ የጎኑን ክዳን ከፍቶ ሲፈትሽ እኔም አንገቴን አስገብቼ አየሁ። የማላውቀው ነገር የማይ መስሎኝ ነበር። ያየሁት ቱቦ፣ ሽቦ፣ ብሎንና ብየዳ ነው። አንዳንዱ ብየዳ እንዲያውም ከእኔ የባሰ ነበር።

«ይሄን ሁሉ ሰው ነው የበየደው?» አልኩት።

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?» አለኝ ሳቅ ብሎ።

ይህች አንድ መልስ ዘጠኝ ዓመቴን በላችው።

ለጋሼ ሙላት አውሮፕላን ልሠራ ነው ስላቸው አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። «ከጋራዡ ጀርባ ሥራ። የደንበኛ ሥራ ሳያልቅ ግን እንዳትነካው» አሉኝ። ያን ቃላቸውን አክብሬ፣ እሑድ እሑድና ከሥራ መልስ ጀንበር እስክትጠልቅ እሠራ ነበር።

የመጀመሪያዋ ከውሃ ቧንቧ የተሠራች ናት። ጠንካራ ትሁንልኝ ብዬ መገጣጠሚያውን ሁሉ ደረብኩት። ሜዳው ላይ ሳወጣት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሮጠች፤ ተመልሳም ሮጠች። አንድ ስንዝር አልተነሣችም። ጋሼ ሙላት ከሜዳው ዳር ተቀምጠው ሲያዩ ቆይተው «ጎበዝ ደምሴ፤ ክንፍ ያለው ባጃጅ ሠራህ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የከተማው ባጃጅ ነጂ ሁሉ ሲያገኘኝ «ተሳፋሪ አለህ?» ይለኝ ጀመር። ራሴ ቆራርጬ የጋራዡ አጥር አደረግኳት።

በሁለተኛዋ አደብ ገዛሁ። ያ አብራሪ ከአዲስ አበባ ፎቶ ኮፒ የተደረገ የጥገና መጽሐፍ ላከልኝ። መዝገበ ቃላት ይዤ በየቀኑ አንድ ገጽ አነበብኩ። ስስ የብረት ቱቦ አፈላልጌ አስመጣሁ። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ከአሮጌ የቤት መኪና አወጣሁ፤ አራት ጊዜ ፈትቼ ገጠምኩት።

የክንፉን የእንጨት የጎድን አጥንትና ከአፍንጫዋ ላይ የሚሽከረከረውን ፕሮፔለር የሠራው እንድሪስ ነው። እንድሪስ የቀወት ሰው፣ በርና አልጋ የሚሠራ አናጢ ነው። መጀመሪያ ላይ «ወላሂ ደምሴ፣ በዚህ ሥራ ብትሞት እጄ አለበት ይሉኛል» ብሎ እምቢ አለኝ። ሦስት ሳምንት ለመንኩት። እሺ ካለ በኋላ ግን ከእኔ ብሶ ቁጭ አለ። አንድ የጎድን አጥንት ከሌላው በጥፍር ውፍረት ከተለየ ሰብሮ ይጥለዋል።

ክንፉን ለማልበስ አቡጀዴ ያስፈልገኝ ነበር። እትዬ አስካለ ሱቅ ሄጄ አንድ ሙሉ ጣቃ ስጠይቃቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ውይ ነፍስ ይማር! ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም እትዬ። ለክንፍ ነው።»

«ለምን አልከኝ?»

«ለክንፍ።»

ጨርቁን እየለኩ ቀና ብለው አዩኝ። «መልአክ ልታለብስ ነው እንግዲህ» አሉና፣ ድንገት ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ብቻ ለራስህ መግነዝ እንዳታደርገው ልጄ» አሉኝ። መንገድ ላይ ይህች ንግግር ስትከነክነኝ ሄደች።

አቡጀዴውን ወጥሬ ቫርኒሽ ቀባሁት። ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይጮኽ ጀመር። የመጨረሻውን ቀለም ስመርጥ ለአፍታም አላመነታሁም፤ ቢጫ ቀባኋት። አንገቴን አስገብቼ ያየሁት ያ አውሮፕላን ቢጫ ስለነበረ ነው። አሁን ሳስበው፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያደረግኩት ትልቁ ስሕተት ይኸው ነበር፤ በብሩሽ፣ እያፏጨሁ የሠራሁት።

አውሮፕላን መሥራትና እንዲነሣ ማስፈቀድ ለየቅል ናቸው። አዲስ አበባ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ስሄድ አንዲት ጸሐፊ ፎርም ሰጠችኝ። የግዢ ሰነድ ይጠይቃል። አልገዛሁም አልኳት።

«ታዲያ ከየት አመጡት?»

«ሠራሁት።»

ወደ ውስጥ ገባች። የሳቅ ድምፅ ሰማሁ። ተመልሳ የሚመለከታቸው ሰው የሉም አለችኝ። እንዲህ ሆኜ ሦስት ጊዜ ሸዋሮቢት ተመለስኩ። የጣርማ በርን ተራራ በተሻገርኩ ቁጥር ሁለተኛ አልመጣም እላለሁ፤ በሳምንቱ አውቶቡስ መናኸሪያ ቆሜ እገኛለሁ።

በአራተኛው ኢንጂነር ሰናይት የምትባል ተቆጣጣሪ አገኘሁ። እሷ አልሳቀችም። ፎቶዎቹንና የክንፉን ስሌት አንድ በአንድ አየችና «ክንፉ ስንት ኪሎ ይችላል?» አለችኝ።

«በስሌቱ መሠረት…»

«ስሌቱን አይቼዋለሁ አቶ ደምሴ። ጭነውበት ያውቃሉ?»

«አልጫንኩም።»

«እንግዲያው እኔ ባለሁበት ይጫናል።»

መጣች። አየር ክንፍን የሚገፋው ከሥር ስለሆነ፣ አውሮፕላኗን ገልብጠን የክንፎቿን ሆድ ወደ ሰማይ አዙረን ከፍ ባለ እንጨት ላይ አስቀመጥናት። ከጎረቤት ገበሬዎች በተዋስነው የማሽላ ጆንያ ክንፎቹን ጫንናቸው። ጆንያው በተጨመረ ቁጥር እንጨቱ ይንጣጣል። እንድሪስ ፊቱን አዞረ። ኢንጂነሯ ሰዓቷን እያየች ቆመች። ያን ያህል የረዘመ ደቂቃ ገጥሞኝ አያውቅም። ጆንያው ሲወርድ ክንፎቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። እንድሪስ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ኢንጂነሯ የበረራ ፈተናውን ቅድመ ሁኔታ ነገረችኝ። «መጀመሪያ መሬት ለመሬት ይነዷታል። ቀጥለው አንድ ጊዜ ብቻ ከመሬት ተነሥተው፣ ሜዳው ሳያልቅ ያርፋሉ። ሰው ወይም ከብት ሜዳው ውስጥ ከገባ ግን ፈተናው ያበቃል። ፋይሉን እዘጋለሁ፤ አውሮፕላኗም ትታሸጋለች።»

በቂ ዝግጅት አደረግኩ ብዬ ነበር። ለቀበሌው ነገርኩ፣ ለፖሊስ ነገርኩ። በሜዳው ሁለት ጫፍ ቀይ ጨርቅ ሰቀልኩ፤ የባጃጁን መተላለፊያ በገመድ ዘጋሁ። በሜዳው ግራና ቀኝ ማሽላው ፍሬ መያዝ ጀምሮ ነበርና ማማዎቹ ሁሉ ሰው ነበረባቸው። ያልነገርኩት ለእነሱ ብቻ ነው። ያውቁኛል ብዬ ነዋ! ፓምፓቸውን የምጠግን ደምሴ አይደለሁ?

ሞተሩን አስነሥቼ አሞቅኩት። መሬት ለመሬት ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። ሁሉም ደኅና ነው። ኢንጂነር ሰናይት እጇን አነሣች፤ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ሰጠሁ። ጅራቷ ከመሬት ተነሣ። ጎማዎቹ መቅለል ሲጀምሩ በመቀመጫዬ ተሰማኝ። በቃ፣ ሌላ ጥቂት ሜትር ብቻ ነበር የቀራት።

ይህን ጊዜ ከቀኝ በኩል ከማሽላው ውስጥ ላሞች ወጡ። ከኋላቸው ሰዎች እየሮጡ ነው። ቤንዚኑን ዘጋሁና የግራውን ፔዳል ረገጥኩ። ከሜዳው ወጥታ ቦይ ውስጥ ገባች። የቀኙ ጎማ እግር ታጠፈ፣ ፕሮፔለሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ፣ የክንፉ ጫፍ ተቀደደ። ከሰው ማንም አልተነካም፤ ከብቱም ደኅና ነበር። ይህን ያወቅኩት ግን ቆይቼ ነው። በዚያች ደቂቃ የታየኝ ፕሮፔለሩ ብቻ ነበር።

ወርጄ እየጮኽኩ ሄድኩባቸው። «ምን ሆናችኋል? ልትገድሉኝ ነው?» ከፊት የነበሩት ሸህ ሰይድ ናቸው፤ በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ፣ በሰፈሩ የተከበሩ ሰው። በትራቸውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ አዩኝ።

«አንተ ደምሴ፣ መድኃኒት ልትረጭ መጥተህ እንዴት አንድ ሰው እንኳ ሳትልክልን?»

«የምን መድኃኒት?»

«እህ! እየጮኸች እየተመላለሰች፣ ቢጫ ሆና! መድኃኒት መጣ ብለው ከማማ ማማ ተጠራሩ። ከብቱን ካላስገባን የተመረዘ ሳር ይበላብናል። የጉድጓዱን ውሃ ያልሸፈነ አለ፣ ቀፎውን ያልሸፈነ አለ። አምና ሳልሰማ ቀርቼ ንቤ አልቆብኛል፤ ወላሂ አንድ ቀፎ አልቀረኝም። ዘንድሮም ቆሜ ልይ?»

በእኛ ቆላ አውሮፕላን የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ያለው መድኃኒት ነው። ሰማይ ላይ የሚጮኸውን ሁሉ ሰዉ በዚህ ስም ይጠራዋል። እኔም እዚያው ተወልጄ፣ እናቴ «መድኃኒት መጣ፣ ግባ!» ስትለኝ አድጌ፣ ያን ቃል ረስቼ ነበር። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ሄድኩ።

ኢንጂነር ሰናይት እንዳለችው አደረገች። በአውሮፕላኗ ላይ ወረቀት ለጥፋ ፈረመችበት። «አዝናለሁ አቶ ደምሴ» አለችኝ። ማዘኗ ከፊቷ ይታወቅ ነበር፤ ለእኔ ግን አልጠቀመኝም።

ሁለት ሳምንት ሰው አላነጋገርኩም። የፈረድኩት ገበሬው ላይ ነበር፤ በልቤ ያልሰደብኩት ማማ የለም። አንድ ቀን ጋሼ ሙላት፣ ያን ጊዜ አርጅተው ሥራ ትተዋል፣ ወንበራቸውን ከፊቴ አምጥተው ተቀመጡ።

«ሞተሩ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ።»

«ክንፉስ?»

«ጫፉ ነው። ቀላል ነው።»

«ብየዳው ተላቀቀ?»

«አልተላቀቀም!»

«ታዲያ ምኑን ልትጠግን ነው እዚህ የምታኮርፈው?» አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ ተነሥተው ሄዱ።

በማግሥቱ እንድሪስን አስከትዬ ሸህ ሰይድ ማሳ ሄድኩ። ማማ ላይ ነበሩ። «ይቅር ይበሉኝ ሸህ፤ በአደባባይ ጮኽኩብዎ» አልኳቸው። «አውፍ ብያለሁ። ውጣ» አሉኝ። ወጣሁ። ከላይ ሆኜ ሳየው ነገሩ ሁሉ ፍንትው አለልኝ። ከማሳው ወደ መንደሩ የሚወስደው የከብት መንገድ ሜዳውን በሦስት ቦታ ይቆርጠዋል። እኔ በመኪና መንገድ ብቻ ስመላለስ ያንን ዓይቼው አላውቅም።

«ለምንድን ነው ቢጫ የቀባሃት?» አሉኝ።

«ስለምወደው።»

«እኛ ቢጫ ስናይ እንሸሻለን።»

የተሰበረውን ለመጠገን ከመሥሪያ ቤቱ አስፈቀድኩ። እንድሪስ አዲስ ፕሮፔለር ጠረበ። አውሮፕላኗን ቀይ ቀባኋት። ከዚያ በጋራዡ ሥራ ያልለመድኩትን ሥራ ጀመርኩ፤ በማማዎቹ ሁሉ እየወጣሁ መናገር። ሸህ ሰይድ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊድ አስነገሩልኝ፤ እኔ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አስነገርኩ። ሰዉ እሺ ብቻ ብሎ አልለቀቀኝም። አንዷ ሴት «በማለዳ እንዳይሆን፤ ወፉ የሚወርደው ያኔ ነው፣ እኛ ዓይናችንን ከማሽላው አናነሣም» አለችኝ። ሌላው «ከብቶቼ ድምፁን ቀድመው ይልመዱት» አለ። ሞተሩን ነቅዬ በጋሪ ወስጄ ሰፈሩ ዳር ሁለት ቀን አስጮኽኩለት። ሰዓቱን ተነጋግረን ሦስት ሰዓት ተኩል አደረግነው፤ ወፉ ከበላ በኋላ፣ ነፋሱ ከመነሣቱ በፊት።

አዲስ አበባ ስመለስ ኢንጂነር ሰናይት «ምን ለወጡ?» አለችኝ። የአርባ አንድ ሰው ስምና ፊርማ ያለበት ወረቀት ሰጠኋት፤ መጻፍ የማይችለው በጣቱ ፈርሟል።

«ከሞተሩ የተለወጠ ነገር አለ?»

«የለም። ቀለሟን ብቻ ነው።»

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «አንድ ጊዜ» አለችኝ። «ሦስተኛ ፈተና የሚባል ነገር ግን የለም።»

በቀጠሮው ቀን ሞተሩን አስነሣሁ። ሰው ሁሉ ማማው ላይ ቆሟል። ላሞቹ ታስረው ያመሰኳሉ። በከብት መንገዶቹ አፍ ላይ ሽማግሌዎች በትራቸውን አጋድመው ቆመዋል። ይህን ያዘዝኳቸው እኔ አይደለሁም። ቤንዚኑን ሰጠሁ። ጅራቷ ተነሣ፣ ጎማዎቹ ቀለሉ፣ ከዚያ የጠጠሩ ድምፅ ጠፋ።

በርሬያለሁ ለማለት የሚያበቃ ከፍታ አልነበረም። ማማ ላይ የቆመው ሰውና እኔ ፊት ለፊት ተያየን፤ ያን ያህል ዝቅ ብዬ ነው ያለፍኩት። ግን መሬት አልነካሁም። የሮቢ ወንዝ አሸዋ በአሻጋሪ ታየኝ። አለቀስኩ፤ ምን አደርጋለሁ፣ እንባው ከነፋሱ ጋር ወደ ጆሮዬ ሄደ። ሜዳው ሳያልቅ አወረድኳት። ሁለት ጊዜ ነጠረችና ቆመች።

ኢንጂነር ሰናይት እጄን ጨበጠችኝና የፈተናውን ወረቀት ቦርሳዋ ላይ አስደግፋ ፈረመች። እንድሪስ ፕሮፔለሩን ይዳስስ ጀመር። ሸህ ሰይድ ግን በማሽላው መሀል እየተንደረደሩ መጡ፤ ወንጭፋቸው እጃቸው ላይ ነው።

«አንተ ደምሴ! ከሰዉ ሁሉ ማሳ የተነሣው ግሪሳ በድምፅህ ሸሽቶ እኔ ማሳ ሰፈረ! ይሄን ለምን አልነገርከኝም?»

«አላወቅኩም ነበር ሸህ።»

«በል ና፤ ውረድና አብረን እናባር» አሉኝ። የበረራ መነጽሬን ሳላወልቅ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ድንጋይ ስወነጭፍ ዋልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት አውሮፕላኖች ሠርቻለሁ። በይፋት አውሮፕላን የሠራ የመጀመሪያው ሰው ይሉኛል፤ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ለሥራ ባልደረቦቼና ለሚከተሉን የምለው ይህን ነው። ማሽኗን ለመሥራት ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ። ድምፅዋ ለሚደርሰው ሰው ዞሬ ለመንገር ሃያ ሦስት ቀን በቃኝ። ያለ ሃያ ሦስቱ ቀን ዘጠኙ ዓመት ከመሬት ባልተነሣ ነበር።